ምሕረት የማይወድ ተጫዋች

ሸምላን ጌም ይጫወታል ሲባል ሰው የሚስቀው ዕድሜውን ሲሰማ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ኩዌት ውስጥ በአንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ስልክ ላይ ተቀምጦ የጭንቅ ጥሪ ይቀበላል። ቤቱ እየነደደ የሚጮኸውን ሰው "ረጋ በል፣ በሩን ዝጋ፣ መሬት ላይ ተኛ" እያለ ሲያረጋጋ ድምፁ ከፍም ዝቅም አይልም። ይህን ያስተማረኝ ጌም ነው ይላል እሱ። አለቆቹ ቀልድ ይመስላቸዋል።

ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ምሳውን አይደለም። ከሶፋው ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን ይጎትታል። ራሱ እንጨቱን ልጎ፣ ራሱ ሽቦውን በይዶ የሠራው ነው፤ በግራ በኩል አንድ ዘንግ፣ በቀኝ በኩል የቁልፍ ረድፍ አለው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይጫወትበታል። ልጆቹ የሚይዙትን ጆይስቲክ ከእጅ ስለሚያመልጥ "ሳሙና" ይለዋል። ሚስቱ ሙዲ ደግሞ ሳጥኑን ስታይ "የሌሎች ሴቶች ጣውንት ቢያንስ ሰው ናት፣ የኔ እንጨት ሆና መጣች" ትላለች።

ጌሙ ሐለባ ይባላል። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚደባደብበት ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጌሙ ስንት ጊዜ ታድሶ ወጥቷል፣ ሸምላን ግን የሚመርጠው ያንኑ አንድ ሰው ነው፤ ነጭ ጢም ያለው፣ ቦርጫም፣ ወገቡን በሻሽ የታጠቀ ዓሣ አጥማጅ። ወንዶች ማታ ተሰብስበው በሚጫወቱበት ቤት፣ በዲዋኒያው፣ ሻይብ ብለውታል፣ ሽማግሌው ማለት ነው። ሻይብ ቀርፋፋ ነው። አይዘልም፣ አይሮጥም፣ ከሩቅ የሚወረውረው ነገር የለውም። አንድ ሙያ ብቻ አለው፤ የያዘውን አይለቅም። እሱን ይዞ የሚጫወት ሰው በመላው ኩዌት ተፈልጎ አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዲዋኒያው የመርዙቅ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከማታው የዒሻ ሶላት በኋላ ጫማ በሩ ላይ ይከመራል፣ ሻይ ይዞራል፣ ግድግዳውን ተከትለው ከተዘረጉት ፍራሾች ላይ ወንዱ ሁሉ ይጋደማል፤ በሌላው ሰው ዲዋኒያ ፖለቲካና የአክሲዮን ዋጋ እንደሚወራ እዚህ ሐለባ ይወራል። መርዙቅ ከሸምላን ጋር አብሮ ያደገ፣ ሳቁ ከሰውነቱ የገዘፈ ሰው ነው። እውነተኛ ተጫዋች ማን ነው በሚለው ነገር በዚያ ቤት ያልተባለ የለም። አንዱ ብዙ ጌም ያለው ነው ይላል። ሌላው ከተቀመጠበት የማይነሳ ነው ይላል። የመርዙቅ የእህቱ ልጅ ጋዚ "ያሸነፈ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው" ይላል። መርዙቅ ደግሞ "ሚስቱ ሻንጣ ያነሳችበት ነው፤ በዚህ ከሆነ እኔ ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ" ይላል። ሸምላን በዚህ ክርክር አይገባም። ሻዩን እየጠጣ ተራውን ይጠብቃል።

የዲዋኒያው ሕግ አጭር ነው። ያሸነፈ ስክሪኑ ፊት ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል። በጨዋታ መካከል እጁ የማቆሚያዋን ቁልፍ፣ ፖዝን፣ የነካ ሰው ደግሞ ዙሩን ያጣል፤ ሳላውቅ ነው፣ ስልክ ተደወለልኝ፣ እጄ አምልጦኝ ነው የሚባል ነገር አይሰማም። ምክንያቱም አንድ ምት አየር ላይ እያለ ጨዋታው ከቆመ የሁለቱም እጅ ይበርዳል፣ ልቡም ይሰረቃል። ሸምላን ይህን ስለሚያውቅ ሳጥኑ ላይ ያለችውን የፖዝ ቁልፍ ሁልጊዜ በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናታል።

አሁን ወደ ጋዚ እንምጣ። ጋዚ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ግጥሚያዎቹን በኢንተርኔት እያሳየ ስሙ ከኩዌት አልፎ ተሰምቷል። ይዞ የሚጫወተው ሁለት ቢላ የታጠቀች ፈጣን ሴት ነው፤ ጭልፊት ይሏታል። ልጁ ጎበዝ ብቻ ሳይሆን ጨዋ ነው። ሸምላን ሲገባ ከፍራሹ ተነስቶ ግንባሩን ይስመዋል፣ "አጎቴ" ይለዋል፣ ሻይ ቀድቶ ይሰጠዋል። ጣጣው የመጣው ከዚህ ጨዋነቱ ነው።

አንድ ሐሙስ ሁለቱ ተቀምጠው ሲጫወቱ ሻይብ በአንድ ምት የሚወድቅበት ደረጃ ላይ ደረሰ። ጭልፊት አጠገቡ ናት። ጋዚ እንደዚህ ባለ ጊዜ ሳያስብ የሚሰነዝራት አንዲት ርግጫ አለች፤ ሸምላን ርግጫዋን በእንቅልፉም ያውቃታል። ርግጫዋ አልመጣችም። ጭልፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሻይብ ያዛት፣ አነሳት፣ መሬት ላይ ደበደባት። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። መርዙቅ "ቡ ጃራሕ! ሽማግሌው ጉልበት አለው!" ብሎ ጮኸ፤ የጃራሕ አባት ማለቱ ነው፣ ሸምላንን በበኩር ልጁ ስም መጥራቱ።

ሸምላን አልሳቀም። ዞሮ ጋዚን አየው።

"ለቀቅክልኝ?" አለው።

"ኧረ በፍጹም አጎቴ! እርስዎ ነዎት..."

"ርግጫዋ የት ሄደች?"

የጋዚ ጆሮ ቀላ። "አመለጠችኝ" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ተወው እንጂ ቡ ጃራሕ፣" አለ መርዙቅ፣ "ልጁ አክብሮህ ነው። ያባቱ እኩያ ነህ። ደስ ብሎህ እንድትገባ ብሎ ነው።"

"አክብሮ ገደለኝ" አለ ሸምላን።

ይህን ሲል እየቀለደ አልነበረም። ሌላም ነገር ገብቶታል። ባለፈው ሐሙስ ያሸነፈውን፣ ከዚያም በፊት ያሸነፈውን እያስታወሰ የትኛው የእሱ፣ የትኛው የምጽዋት እንደሆነ መለየት አቃተው። ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ሃምሳ ሰው "አቦ አንበሳ ነህ" እያለው አንበሳነቱ ተሰፍሮ የተሰጠው መሆኑን ያወቀ ሰው ግን ምን እንደሚሰማው ያውቃል።

በዚያው ወር ሪያድ ላይ ትልቅ ውድድር ነበር። ከየዲዋኒያው አንድ ሰው ይላካል። የመርዙቅ ዲዋኒያ ጋዚን እንደሚልክ ሳይወራም የታወቀ ነው። ሸምላን በሕይወቱ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል ገጥሞት ነበር፤ አንዴ ከሰርጉ ጋር ተጋጨበት፣ አንዴ ደግሞ ፈረቃ የሚለውጠው ሰው አጣ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን የተወው ይመስል ነበር። አልተወውም። የሚመኘው ሽልማቱን አይደለም፣ ከአንድ የማያውቀው ባላጋራ ጋር መቀመጥን ነው። የማን አባት እንደሆነ የማያውቅ፣ ግንባሩን የማይስም፣ ካገኘው በርግጫ የሚለው ባላጋራ።

"የሪያዱን ቦታ ከጋዚ ጋር ልጋጠምበት" አለ ሳጥኑን እያነሳ። "ዛሬ አይደለም፣ ከውድድሩ በፊት ባለው ሐሙስ። አምስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ይሂድ።"

መርዙቅ ጺሙን አከከ። "ሸምላን፣ ይቅርብህ። ትዋረዳለህ።"

"ልዋረዳ! እሱ የኔ ፈንታ ነው። አንተ ልጅ፣" አለ ወደ ጋዚ ዞሮ፣ "አንዲት ምት ብትለቅልኝ እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ አጎቴ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸምላን ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ተመልሶ መተኛት ተወ። ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ጋዚ በኢንተርኔት የለቀቃቸውን ግጥሚያዎች አንድ በአንድ ያያል። አሸናፊነቱን ለማየት አይደለም፤ ልጁ ሲጨነቅ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነው። የእሳት አደጋ ስልክ ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ የጨነቀው ሰው ሁልጊዜ የሚሮጠው ወደ ለመደው በር ነው፣ በሩ ቢነድም። የጋዚን በር ለማግኘት ብዙ ጧት ወሰደበት። በመጨረሻ አገኛት። ጋዚ ከጥጉ ጋር ሲጣበቅ ሁለት ምት ይመክታል፣ ሦስተኛውን ሳይጠብቅ ይዘላል። ሁልጊዜ። እንደ ጋዚ ፈጣን በሆነ ሰው ላይ ይህን ያየ አልነበረም፣ ምክንያቱም ጋዚን ጥግ ያስያዘው ሰው ራሱ ጥቂት ነው።

በር ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ መያዝ ሌላ። ጭልፊት ስትዘል እግሯን ከአየር ላይ ለመያዝ ዘንጉን ሙሉ ዙር አዙሮ ቁልፉን መንካት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ከቀደመ ሻይብ ባዶ አየር ያቅፋል፣ ትንሽ ከዘገየ ቢላው ጀርባው ላይ ነው። ሸምላን አንዷን ነገር ብቻ ደጋግሞ ሠራ። አውራ ጣቱ ተላጠ። ፕላስተር ለጠፈበትና ቀጠለ።

አንድ ጧት ሙዲ ዓይኗን እያሻሸች መጣች። "ጃራሕ ፈተና አለበት ብዬ ቤቱን ጸጥ ሳሰኝ አባቱ እንጨት ይቀጠቅጣል" አለች።

"ድምፁን ቀንሼዋለሁ እኮ።"

"የቴሌቪዥኑን ቀንሰሃል፣ የጣውንቴን መች ቀነስክ?" አጠገቡ ተቀመጠች። "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ሪያድ ሄደህ ምን ልትሆን ነው? ልጆቹ ሁሉ ይስቁብሃል።"

"ይሳቁብኝ። የሚስቅብኝ ሰው አይለቅልኝም።"

ሙዲ ፕላስተር የተለጠፈበትን አውራ ጣቱን አየች። ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፣ መቼ እንደሚያሾፍና መቼ እንደተጎዳ ታውቃለች። "እንግዲያው አሸንፈው" አለች ተነስታ። "እንቅልፌን ሁሉ በልተህ ተሸንፈህ ብትመጣ በሩን አልከፍትልህም።"

የግጥሚያው ሐሙስ ጧት ሸምላን እረፍት ነበር። ሳጥኑን ገልብጦ ፈታ፣ አቧራውን አጸዳ፣ ያረጁትን ቁልፎች አንድ ሳያስቀር በአዲስ ተካ። ሲጫናቸው ድምፃቸው ደስ አለው። ለሰርግ እንደሚለብስ ሰው ተዘጋጅቶ ሄደ።

ዲዋኒያው ያን ዕለት ፍራሽ አልበቃውም፤ ወጣቱ መሬት ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። ጋዚ እንደልማዱ ግንባሩን ስሞት ተቀመጠ፣ ከዚያ በኋላ ግን ቃሉን ጠበቀ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ሸምላንን እንደ ማሽላ አበጠረው። ቢላዎቹ አልራሩም። መሬት ላይ የተቀመጡት ይስቃሉ፣ መርዙቅ ፊቱን በሻሹ ይሸፍናል፣ ሸምላን ግን ልቡ በደስታ እየመታ ነው። በስንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ዱላ እየቀመሰ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ጭልፊትን ጥግ አስያዛት። አንድ ምት፣ ሁለት ምት። ዘለለች። ሻይብ እግሯን ከአየር ያዘ።

"ያ አላህ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጋዚ ምን እንደደረሰበት አልገባውም። እንደገና ተያዘ። እንደገና ዘለለ፣ እንደገና ተያዘ። ሲነቃበት ጥጉን መሸሽ ጀመረ፣ ሩቅ ቆሞ ቢላ ወረወረ፣ ጨዋታም ወሰደ። ሸምላን ጥርሱን ነክሶ እየተመታ ተጠጋ። አራት ለአራት ሆኑ። በመጨረሻው ጨዋታ አንድ አንድ ዙር ተካፈሉ። የቀረው አንድ ዙር ነው፤ ያሸነፈው ሪያድ ይሄዳል። ማንም ሻይ አይጠጣም።

ሻይብ ጭልፊትን ገፍቶ ገፍቶ ጥጉ ላይ ለጠፋት። አንድ ምት። መከተ። ሁለት። መከተ። ጭልፊት ከመሬት ተነሳች፣ ሸምላን ዘንጉን አዞረ፣ መዳፉ ሳጥኑ ላይ ተንሸራተተ። ስክሪኑ ቆመ።

ጭልፊት አየር ላይ እንዳለች ደርቃ ቀረች። በመካከሉ ጨዋታው ለጊዜው ቆሟል የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ሸምላን ሳጥኑን ቁልቁል አየ። ቁልፎቹን በአዲስ ሲተካ ፖዟን የሚሸፍነው አሮጌው ፕላስተር ከአሮጌው ቁልፍ ጋር አብሮ ሄዷል፤ አዲስ አልለጠፈም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኸው ነው።

መጀመሪያ የተናገረው ጋዚ ነው። "ምንም አይደለም አጎቴ፣ እጅዎ አምልጦዎት ነው። ይቀጥሉ።"

"አዎ ይቀጥል!" አሉ ከዚህም ከዚያም። "ምን ችግር አለ!" "ቡ ጃራሕ እኮ ይዞት ነበር!" "ትልቅ ሰው ነው፣ ይለፍለት!"

ሸምላን ሪያድን ፈልጎ ነበር። በዚያች ቅጽበት የፈለገውን ያህል ምንም ነገር ፈልጎ አያውቅም። አንዲት ቁልፍ ቢነካ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ጭልፊት ትወድቃለች፣ ነገ ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ በዚህ ቤት ውስጥ የሚቃወመው አንድም ሰው የለም። ያሳረረውም ይኸው ነው፣ አንድም ሰው አለመኖሩ። ፖዝ የነካው ጋዚ ወይም ሌላ ጎረምሳ ቢሆን ጣሪያው እስኪነሳ ጮኸው ያስነሱት ነበር።

"መርዙቅ፣" አለ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ "ይህን ሕግ ማን አወጣው?"

"እኔና አንተ፣ ልጆች ሳለን" አለ መርዙቅ።

"ለምን አወጣነው?"

መርዙቅ ሳቁ መጣበት። "እኔ ስሸነፍ እናቴ ጠራችኝ እያልኩ ፖዝ ስለማደርግ ነዋ።"

"አንድ ቀን የእውነት ጠርታህ ነበር።"

"ጠርታኝ ነበር። አሞኛል ብላ። አንተ ግን ዙሩን ወሰድክብኝ፣ አምላክ ይይልህ!"

"ለእናትህ ሕመም ያልተሻረ ሕግ ለኔ ሽበት ይሻራል?"

ሸምላን ራሱ ቁልፉን ነካና ጨዋታውን ለቀቀ። ዘንጉን ግን አልያዘም፤ ሁለት እጁን ከሳጥኑ ላይ አንስቶ ወደ ላይ ዘረጋ። ጭልፊት መሬት አረፈች። ሻይብ ከፊቷ ቆሟል፣ አይመክትም፣ አይንቀሳቀስም። ጋዚም ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

"ምታ" አለው ሸምላን።

"አጎቴ፣ አልችልም። ይዘውኝ እኮ ነበር። ያሸነፉት እርስዎ ነዎት።"

"ዙሩ ያንተ ነው። ምታ።"

"ስለ አላህ ብለው፣ አያስገድዱኝ..."

"ጋዚ! አንዴ ለቀህልኛል፣ ያንን ይቅር ብዬሃለሁ። ሁለተኛውን ግን አልምርህም። እኔ እዚህ የተቀመጥኩት አጎትህ ልሆን አይደለም። ምታኝ!"

የልጁ ዓይን እንባ አቅርሯል። ጆይስቲኩን አነሳ። ቢላዎቹ ወረዱ፣ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ሻይብ እስኪወድቅ ድረስ። ስክሪኑ ጭልፊት አሸነፈች ሲል ያጨበጨበ የለም። ሸምላን ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀ።

የሩዝና የሥጋው፣ የመጅቡሱ ትሪ ገባ። ሰዉ ሩዙን ከቦ ተቀመጠ፣ ሸምላን ግን እጅ መታጠቢያው ጋ ሄዶ ውኃውን ከፍቶ ቆመ። ሐዘኑ አሁን ነው የመጣው። የዓመታት ምኞቱን በገዛ መዳፉ ደፍቶታል፤ ሕግ ማክበር ሆድ አያጽናናም። ፊቱን ሁለቴ ሦስቴ ታጠበ። ቅሬታው የሪያዱን ቦታ በማጣቱ ነበር እንጂ ባደረገው ነገር አልነበረም፤ ይህን ለራሱ ካረጋገጠ በኋላ ውኃውን ዘጋ።

ሲመለስ ከትሪው አልቀረበም። "ጋዚ፣" አለ ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ፣ "እጅህን ጥረግና ና።"

ጋዚ ጉርሻውን ሳይጨርስ መጣ። ሁለቱ እንደገና ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

"ጥግ ስትያዝ ሁለት መክተህ ትዘላለህ።"

"እዘላለሁ?"

"ሁልጊዜ። ሪያድ ላይ እኔ ያየሁትን የሚያይ አንድ ሰው አይጠፋም። ይህችን ቀዳዳ ይዘህ አትሄድም።"

መርዙቅ ከትሪው ላይ አንገቱን አቀና። "አንተ ሰው አብደሃል? ያለችህ መሣሪያ እሷ ብቻ ናት! በሬ ካራጁ ይውላል አሉ!"

ጋዚም ተጨንቆ አየው። "እውነቱን ነው እኮ አጎቴ። ይህን ካስተካከልኩ በምን ያሸንፉኛል?"

"እሱን ለኔ ተወው" አለ ሸምላን። "ያዝ።"

ሻይብ ጭልፊትን ጥግ አስያዘ። ሁለት ምት፣ ዘለለች፣ ተያዘች። "እንደገና" አለ ሸምላን። ዘለለች፣ ተያዘች። ሩዙ አለቀ፣ ሻይ መጣ፣ ሁለቱ ግን እንደገና፣ እንደገና ይላሉ። የጋዚ ጣት ልማዱን አልተው አለች፤ ሸምላን አልሰለቸም፣ በያዘውም ቁጥር አልራራም፣ መሬት ላይ እየጣለ አስነሳው። ሰው መውጣት ሲጀምር ጭልፊት አንድ ምት መከተች፣ ሁለት መከተች። ሦስተኛው ላይ ግን ሳትዘል መሬቷን ይዛ ቆመች፣ ቢላዋንም ባዶ አየር ባቀፈው በሻይብ ጎን ሰካችው። ሻይብ ወደቀ።

ሸምላን ስክሪኑን ለአፍታ አየ። ከዚያ ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አመቻችቶ እጁን ዘንጉ ላይ አሳረፈ።

"ጎሽ" አለ። "አሁን ገና ልንጀምር ነው።"